የዓይኔን ብሌን ለመለገስ ፈርሜያለሁ፤ ቤተሰቤ ግን አልተቀበለኝም

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ ዕድሜዬ 68 ነው። ከ30 ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የምኖረው ኮተቤ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ከሞትኩ በኋላ የዓይኔ ብሌን እንዲለገስ ቃል ገብቼ ፈረምኩና ካርድ ተሰጠኝ። ካርዱን ለቤተሰቤ ያሳየሁት በፋሲካ ማግስት ምሳ ላይ ነበር። ባለቤቴ ‹ስትገነዝ ዓይንህ ጎድጉዶ ልይህ?› ብላ ከማዕዱ ተነሣች። ወንዱ ልጄ፣ የሰው አካል በሚሸጥበት ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት መፈረም የዋህነት ነው አለኝ። ትልቋ ልጄ ሟርት ነው ብላ አለቀሰች። የደገፈችኝ ሜሪላንድ ያለችው የመጨረሻዋ ልጄ ብቻ ናት፤ እሷም መንጃ ፈቃዷ ላይ የለጋሽነት ምልክት እንዳለ በስልክ ነገረችኝ። አሁን በቤታችን ይህ ነገር አይነሣም። በኑዛዜ አስፍሬ በሕግ ላስገድዳቸው እችላለሁ? ወይስ ልተወው? ደግሞስ የአንዱ ዓይኔ ሞራ በቀዶ ሕክምና ወጥቶልኛልና ለልገሳ ይሆናል? ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለ ሰሌዳ ማንበብ አቅቶት ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ፣ ከዓመታት በኋላ ብሌን ተተክሎለት ቤቴ ድረስ መጥቶ ከግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አነበበልኝ። ስሜ ይቆይ።»

የተከበሩ መምህር፣

ከኑዛዜው ልጀምር፤ ኑዛዜው አይረዳዎትም። ይህን የምልዎት ሕጉ ደካማ ነው ለማለት ሳይሆን ጊዜው ስለማይገጥም ነው። በእኛ አገር ኑዛዜ የሚፈለገውና የሚነበበው ከቀብር በኋላ፣ ብዙ ጊዜም አርባው ሲቃረብ ሲሆን፣ የዓይን ባንኮች በአብዛኛው የሚመክሩት ግን ብሌኑ ከሞት በኋላ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ እንዲወሰድ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ስልክ አንሥቶ የሚደውል ሰው ከሌለ፣ ካርዱም ኑዛዜውም ከወረቀትነት አያልፉም። ስለዚህ ጥያቄዎ፣ በእኔ አመለካከት፣ ቤተሰብዎን እንዴት ያስገድዳሉ የሚል ሳይሆን፣ በዚያች ሌሊት ማን ይደውላል የሚል ነው።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎረቤታችን አርፈው ሠልስት የወጣን ዕለት፣ ልጃቸው የአባቱን ዳዊት ከራስጌያቸው አንሥቶ ሲገልጥ፣ በገጾቹ መካከል እንደ ዕልባት የተቀመጠ እንደ እርስዎ ያለ ካርድ አገኘ። ለማንም አልነገሩም ነበር። ልጁ ካርዱን እያገላበጠ «እንዲህ ብሎ ነበር እንዴ?» ሲል፣ በድንኳኑ ውስጥ የነበርን ሰዎች ሁሉ አቀረቀርን፤ ሰውየው ከተቀበሩ ሁለት ቀን አልፏቸው ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ልጅ የአባቱን ቃል ሳያውቅ እንዳጠፋ ማወቁ ከባድ ነገር ነው፤ እርስዎ ቢያንስ ካርዱን ማሳየትዎ ከዚህ ይሻላል፣ ምሳው ቢበላሽም።

አንድ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቤቱ ውስጥ ሲያርፍ የሚሆነውን እርስዎም ደጋግመው አይተውታል። መጀመሪያ ጩኸት ነው፤ ቀጥሎ ጎረቤት በጋቢ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ አንድ አዛውንት የሟቹን ዓይን ይከድናሉ፤ የእድሩ ዳኛ ይቀሰቀሳሉ፤ ገናዥ ይፈለጋል፤ ሊነጋ ሲል ጥሩምባው ይሰማል፤ ድንኳን ይተከላል። ከዚህ ሁሉ መካከል ስለ ዓይን ባንክ የሚያስብ ሰው የሚኖረው አስቀድሞ በግልጽ ከተነገረውና አደራውን ከተቀበለ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ የሚያለቅስ ሰው ነው፤ የሚያለቅስ ሰው ቀደም ሲል ያልተስማማበትን ነገር በዚያች ሰዓት ይወስናል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ፤ ከሁሉም የሚበልጠው የእሳቸው ነገር ነውና። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ አንድ ነገር ታየኝ። ስለ ተማሪዎ የጻፉልኝ በመጨረሻው መሥመር ላይ፣ እንደ ዋዛ ነው። ለባለቤትዎ ግን ይህን ታሪክ እንደ ነገሯቸው አልጻፉልኝም፤ የጻፉልኝ ካርዱን እንዳሳዩ ብቻ ነው። በበዓል ማዕድ ላይ ሞትን የሚጠቅስ ካርድ ያየች ሚስት የምታስበው ስለ ባሏ መሞት እንጂ ስለ ሌላ ሰው ማየት አይደለም። የቀን መቁጠሪያውን ያነበበውን ልጅ ነገር ቀስ ብለው ያጫውቷቸው። ከተቻለ ልጁን ራሱን ለቡና ይጥሩት፤ ስለ ልገሳ ምንም ሳይባል፣ ቁጭ ብሎ ቡናውን ጠጥቶ የሚሄድ ሰው እንዲያዩት ብቻ። ልጁ የማየት ችሎታውን ያጣው በወጣትነቱ ስለ ሆነ፣ ምናልባት ኬራቶኮነስ የሚባለው፣ የዓይንን የፊት ሽፋን እያሳሳ ወደ ፊት የሚያሾለው በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ በዓይን አለርጂ ምክንያት ዓይናቸውን ዘወትር በሚያሹ ልጆች ላይ የሚታይ ነው። ይህ በሽታ በጣም ሲከፋ መነጽር አይረዳም፤ ያኔ ብዙ ጊዜ የሚረዳው የሌላ ሰው ብሌን ነው፤ ያም የሚገኘው ከሞተ ሰው ብቻ ነው።

ባለቤትዎ «ዓይንህ ጎድጉዶ» ያሉት ከየት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም፤ ጥፋቱ የእሳቸው ሳይሆን የቃላችን ይመስለኛል። ሐኪሞቹ ኮርኒያ የሚሉትን እኛ ብሌን ብለን ተረጎምነው። ብሌን ግን በአማርኛ የዓይን መካከል፣ የዓይን ሁለመና ነው፤ ዳዊት «እንደ ዓይን ብሌን ጠብቀኝ» ሲል፣ እናት ልጇን «የዓይኔ ብሌን» ስትል የምናስበው ያንኑ ነው። ስለዚህ «ብሌን ይለገስ» ሲባል ሰው የሚሰማው «ዓይን ይውጣ» የሚል ነው። ኮርኒያ በእውነቱ ከጥቁሩ ክፍል ፊት ያለች፣ ውፍረቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ደም ሥር የሌላት ጥርት ያለች ሽፋን ናት፤ የእጅ ሰዓት መስታወት ለሰዓቱ ቁጥሮች እንደ ሆነ ማለት ነው። መስታወቱ ሲጫጫር ወይም ሲደበዝዝ ሰዓቱ ደህና ቢሆንም ጊዜውን ማንበብ እንደማይቻል፣ ይህች ሽፋን ስትደበዝዝ ወይም ስትጠምም ከኋላዋ ያለው ዓይን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሰውየው አያይም።

አወሳሰዱን በተመለከተ ለባለቤትዎ እውነቱን በሙሉ ይንገሯቸው፤ ግማሹን ነግሮ ግማሹን መደበቅ በኋላ ያሳፍራል። አንዳንድ ጊዜ የሚወሰደው ሽፋኗ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዓይኑ በሙሉ ይወሰድና በቦታው መሙያ ይደረጋል። የቱ እንደሚሆን የፈረሙበትን ባንክ ይጠይቁ። በሁለቱም መንገድ ሥራው ግማሽ ሰዓት አካባቢ የሚፈጅ ነው፤ ባለሙያው ቤት ድረስ ወይም ሆስፒታል መጥቶ ይሠራል፤ ሽፋሽፍቱ ይዘጋል፤ ፊት አይለወጥም። ከዚያ በኋላ ግንዘቱም፣ ፍትሐቱም፣ ቀብሩም በተለመደው ሰዓት ይሆናል። ሟቹን የሚያጥቡትና የሚገንዙት ሰዎች የሚያዩት የተከደነ ዓይን ነው፤ ዓይን ሳይከደን የሚገነዝ ሰው ደግሞ በእኛ አገር የለም። እንዲያውም አዛውንቱ ወዲያው ዓይን መክደናቸው ልገሳውን ይረዳል፤ ባለሙያው እስኪደርስ ሽፋኗ እንዳትደርቅ በተከደነው ዓይን ላይ እርጥብ ጥጥ ማድረግና ራስን በትራስ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው የሚጨመረው።

ባለቤትዎ በግልጽ ባይናገሩትም ከዚህ በታች ያለው ሌላው ፍርሃት የትንሣኤ ነገር ሊሆን ይችላል። ብዙ እናቶች ሲሉ ሰምቻለሁ፦ «ጎዶሎ ሆኖ እንዴት ይነሣል?» እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም፤ ይህን የንስሐ አባታችሁ በተገኙበት መነጋገር ይሻላል፤ በጓዳ ከምትከራከሩ እሳቸውን ለዚሁ ጉዳይ ብላችሁ ጋብዟቸው። ነገር ግን እንደ አንድ ምእመን የምጠይቀው አለኝ። በኅዳር 27 የምናስበው ቅዱስ ያዕቆብ ዘግሙድ አካሉ በየመገጣጠሚያው ተቆራርጧል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ቆመው አንድ እግራቸውን ማጣታቸውን ሥዕላቸው በየቤታችን ያስታውሰናል። በትንሣኤ ቀን እነዚህ ቅዱሳን ጎዶሎ ሆነው ይነሣሉ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ስለ ፍቅራቸው ሲመሰክርላቸው፣ ቢቻልስ ዓይናችሁን አውጥታችሁ በሰጣችሁኝ ነበር ብሏቸዋል። በእሱ ዘመን አይቻልም ነበር። ይህን ክፍል፣ ገላትያ 4፥15ን፣ ባለቤትዎ ራሳቸው እንዲያነቡት ቢሰጧቸው ከእኔ ብዙ ቃል ይሻላል።

ይህን ዓምድ ለሚያነቡ ሙስሊም ወገኖቻችንም አንድ ነገር ልጨምር፤ በደብዳቤዎ ባይነሣም በተመሳሳይ ጉዳይ የሚጠይቁኝ አሉና። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ውሳኔ፣ ሟቹ በሕይወት ሳለ ወይም ወራሾቹ ከፈቀዱ፣ ከሞተ ሰው ለሕያው ሰው አካል መስጠትን በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል። መቅበርን ማፋጠን ግዴታ ለሆነባቸው ቤተሰቦችም፣ ሥራው ግማሽ ሰዓት አካባቢ ብቻ የሚወስድ መሆኑ ነገሩን ያቀላል። ዝርዝሩን ከዑለማዎቻቸው ጋር ይመክሩ።

የወንዱ ልጅዎ ጥርጣሬ ሌላ ነው፤ እኔም በቀላሉ አላጣጥለውም። በሲና በረሃ ታግተው ስለ ነበሩ ስደተኞች የሰማነውን ሁሉ፣ ስለ ኩላሊት ንግድ የሚወራውንም ሁሉ የሰማ ወጣት፣ ወረቀት ላይ «አካል» የሚል ቃል ሲያይ ቢደነግጥ ሊፈረድበት አይገባም። መሳሳቱ ያለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ማድረጉ ላይ ነው። ኩላሊት በደም ዝውውር የሚኖር አካል ነው፤ ስለዚህ የሚሰጠው በሕይወት ካለ ሰው ነው፣ አለዚያም የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካለና አንጎሉ እንደ ሞተ ከተረጋገጠ ሰው፣ ወይም ልቡ ከቆመ በኋላ በጣም ባጠረ ጊዜ ውስጥ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ንቅለ ተከላው ሲጀመር ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ብሌን ግን ደም ሥር የላትም። ልብ ቆሞ፣ ቤተሰብ አልቅሶ፣ ሰዓታት ካለፉ በኋላም ትወሰዳለች፤ በፈሳሽ ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ ሆና እስከ 14 ቀን ትቆያለች። ስለዚህ ማንም ሐኪም የእርስዎን ሞት የሚያፋጥንበት ምክንያት የለውም፤ የልጅዎ ፍርሃት ውስጡ ሲገለጥ ደግሞ ይኸው ይመስለኛል። በዚሁ በደም ሥር አልባነቷ ምክንያት የብሌን ንቅለ ተከላ ከኩላሊቱ ቀድሞ ተሳክቷል፤ ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በሆነችው አገር፣ በኦሎሙትስ ከተማ፣ ኖራ ዓይኑን ላቃጠለው ሠራተኛ ብሌን የተከለው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ኩላሊት በቦስተን የተሳካው ከዚያ 49 ዓመት በኋላ፣ በ1954 ነው።

ልጅዎ የሚያምነው በዓይኑ ያየውን እንደ ሆነ ከጥርጣሬው ይገባኛል። ይዘውት ይሂዱ። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ ሥራው በኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ሥር ነው። ማን ወረፋ እንደሚይዝ፣ ገንዘብ የሚጠየቅ ወይም የሚከፈል እንዳለ፣ ቤተሰቡ ምን እንደሚፈርም እሱ ራሱ ይጠይቅ፤ ጥያቄው ከባድ ይሁን፤ እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ። ተጠራጣሪ ልጅ ካመነ በኋላ ከሁሉ የተሻለ ጠበቃ ይሆናል፤ በአስተማሪነት ዘመንዎ ይህን ሳያዩ አልቀሩም።

ትልቋን ልጅዎን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ሟርት ላለችው፣ በየወሩ የእድር መዋጮ የምንከፍለው ለማን ቀብር እንደ ሆነ ቀለል አድርገው ይጠይቋት። እድር የገባ ሰው ሁሉ ለሞቱ ሲዘጋጅ ኖሯል፤ በዚህም የሞተ የለም።

የሜሪላንዷ ልጅዎ ነገር ግን ትንሽ ያሳስበኛል። እሷ በምትኖርበት አገር አንድ ጎልማሳ በመንጃ ፈቃዱ በኩል ለጋሽ ለመሆን ከተመዘገበ፣ ቃሉ በሕግ የጸና ነው፤ ቤተሰቡ ቢቃወም እንኳ አይሽረውም። ስለዚህ ለእሷ ምልክቱ ብቻውን በቂ ስለ ሆነ ለእርስዎም ካርዱ በቂ ሊመስላት ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን፣ ቤተሰብ ካልደወለ ማን መጥቶ ይወስዳል? ከዚህም በላይ ቢያሳዝንም የሚያስቅ ሐቅ አለ፦ ውጭ አገር ላለ ልጅ መርዶ የሚነገረው ከሁሉ በኋላ ነው። ወዳጆች ተፈልገው፣ ንጋት ተጠብቆ፣ ብቻዋን እንዳትሆን ተብሎ ነው የሚነገራት። ከቤተሰቡ ሁሉ የተስማማችው አንዲት ልጅ፣ ስልክ የሚደወልባቸው ሰዓታት ካለፉ በኋላ ትሰማለች። እሷ የምትረዳዎት ዛሬ ነው፤ ወንድሟንና እናቷን በመደወል፣ በተለይም እናቷን ሳታስቸኩል በማነጋገር።

ስለዚህ በቤት ውስጥ ከሚኖሩት አንድ ሰው ይምረጡ። ወንዱ ልጅዎ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ካልሆነም የወንድም ልጅ ወይም የቅርብ ጎረቤት ይሁን፤ ከሐዘኑ አንድ እርምጃ ራቅ ያለ ሰው በዚያች ሰዓት አእምሮው ይረጋል። ካርዱን ከሳጥን አውጥተው የእድር ደብተሩ ካለበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነውና። የባንኩን ስልክ ቁጥር በትልቁ ጽፈው ከካርዱ ጋር ያያይዙ፤ አንድ ቅጂም ለእድሩ ጸሐፊ ይስጡ። ጸሐፊው ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ከሐኪም ባልተናነሰ የሚያውቅ ሰው ነው፤ «የመምህሩ ነገር እንዲህ ነበር» የሚል አንድ ቃል ከእሱ ቢወጣ ድንኳኑ ሁሉ ይሰማዋል። ሆስፒታል ተኝተው ከሆነ ደግሞ ለነርሶቹ አስቀድመው ይንገሩ።

ባለቤትዎ ይህን ሁሉ ሰምተው አሁንም እምቢ ቢሉስ? መጀመሪያ፣ ፈቃዳቸውን አይጠይቋቸው፤ ፈቃድ ሲጠየቁ የእርስዎን ሞት እንዲፈርሙ የተጠየቁ ሊመስላቸው ይችላል። የሚጠይቁት እንዳይከለክሉ ብቻ ይሁን። በዚያች ሰዓት ሌላ ክፍል ሆነው፣ ሴቶቹ ከብበዋቸው፣ ነገሩ ሳይነገራቸው ሊያልፍ ይችላል፤ ይህንንም አሁኑኑ ይንገሯቸው። ይህንንም እምቢ ካሉ፣ ከእሳቸው ተደብቀው ከልጅዎ ጋር መዋዋልን አልመክርዎትም። የተማሪው ምስጋና ትልቅ ነገር ነው፤ ግን አብራችሁ ያረጃችሁት ሚስትዎ በለቅሶ ቤት ውስጥ ተታልያለሁ ብለው እንዲያዝኑ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። በዚህ ላይ የማይስማሙኝ አንባቢዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ የሟች ቃል ከሁሉ ይበልጣል የሚሉኝ። ይሁን። እኔ ግን ጊዜ አለዎት ባይ ነኝ፤ በአንድ ፋሲካ የተበላሸ ነገር በሌላው ሊስተካከል ይችላል፤ የሚቀጥለውን ውይይት ግን ከማዕድ ላይ ያርቁት።

አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እፈልጋለሁ፦ ለቤተሰብዎ ሲያስረዱ ከሚገባው በላይ ተስፋ አይስጡ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር እንደ ሆነ፣ ከዓይነ ስውርነቱም ግማሽ ያህሉ በሞራ ግርዶሽ እንደሚመጣ ተገኝቷል፤ ሞራ ደግሞ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚወገድ እንጂ ብሌን የሚፈልግ አይደለም። ከዓይነ ስውርነቱ፣ በትራኮማ የተነሣ የብሌን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ በሌላ ምክንያት የመጣ የብሌን ጠባሳ ደግሞ 7.8 በመቶ ነበር። በትራኮማ ክፉኛ የተጎዳና የደረቀ ዓይን ላይ የተተከለ ብሌን ብዙ ጊዜ አይጸናም። የእርስዎ ብሌኖች ይበልጥ የሚጠቅሙት እንደ ተማሪዎ ያሉ ወጣቶችንና በአደጋ የተጎዱ ሰዎችን ነው፤ ሁለት ዓይን ለሁለት ሰው።

ስለ ሞራው ቀዶ ሕክምና የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስ። ሞራው የነበረው ከብሌኑ ኋላ ባለው ሌንስ ላይ ስለ ሆነ፣ ቀዶ ሕክምናው በራሱ ከልገሳ አያግድም፤ ዕድሜዎም፣ መነጽርዎም፣ ስኳርና ደም ግፊት ቢኖርብዎም እንዲሁ። የሚያግዱት እንደ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ የደም ካንሰርና በደም የተሠራጨ ኢንፌክሽን ያሉት ናቸው፤ ለዚህም ሲባል ባለሙያው ከሟቹ ጥቂት ደም ይወስዳል። ይህንንም ለባለቤትዎ ይንገሯቸው፣ በዚያች ዕለት መርፌ አይተው እንዳይደነግጡ። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይን ብሌን ለተከላ ይበቃ እንደ ሆነ የሚታወቀው በማጉያ መሣሪያ ሲታይ ነው፤ ካልበቃ ለሐኪሞች መለማመጃ እንዲውል ይፈቅዱ እንደ ሆነ አሁኑኑ ባንኩን ጠይቀው ያስመዝግቡ። ባንኩ ጋ ከልጅዎ ጋር በሚሄዱበት ዕለት የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ።